የንግድ ጎዳናችን ሊታደስ ነው ሲባል፦ የትኛውን ዕቅድ መደገፍ ይሻላል?

በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ ሱቅ፣ ካፌ ወይም ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ የሚገኙት በአንድ ዓይነት ጎዳና ላይ ነው። ጎዳናው አራት ወይም ስድስት መስመር አለው፤ መኪናው በፍጥነት ያልፍበታል፤ ግራና ቀኙ ባለ አንድ ፎቅ የገበያ ግቢዎች ተደርድረውበታል፤ ከሱቆቹ ፊት ሰፊ ፓርኪንግ ተነጥፎበታል፤ የእግረኛው መንገድ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ላይ ሳይታሰብ ያልቃል። ሕንፃዎቹ ስላረጁ ኪራያቸው ከመሀል ከተማው ይቀንሳል፤ አዲስ መጤው ነጋዴም እዚያ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ከካውንቲው፣ ማለትም ከአካባቢው አስተዳደር፣ ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ጎዳናው ሊታደስ መሆኑን፣ ዕቅዱንም ነዋሪውና ነጋዴው እንዲመሩት መፈለጉን ገልጾ ለስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚሆን ምግብ ቤት ያለው ሰው ከማብሰያው መለየት አይችልም። የሄደውም ግድግዳ ላይ በተለጠፉ ባለቀለም ሥዕሎች ፊት ይቆምና በወደደው ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ እንዲያደርግ ይጠየቃል። ሥዕሎቹ ሁሉም ያማሩ ናቸው፤ ዛፍ አለ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ደጅ ላይ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ከሥዕሎቹ ጀርባ ያለው መሣሪያ ግን ይለያያል፤ አንዱ ሕግ ነው፣ አንዱ የመንገድ ግንባታ ነው፣ አንዱ ግብር ነው፣ አንዱ ባቡር ነው። ተለጣፊው የሚለጠፈው በሥዕሉ ላይ ሲሆን ለሃያ ዓመት የሚኖሩበት ግን ከመሣሪያው ጋር ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው መሣሪያዎቹን ለማነጻጸር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለ የንግድ ጎዳና በዕቅድ ሰነዶች ላይ «ኮሪደር» ይባላል፤ ቃሉን የሰማ አንባቢ ከ2024 ወዲህ በአዲስ አበባ የተካሄደውን የኮሪደር ልማት ማስታወሱ አይቀርም። የአሜሪካው አሠራር ከዚያ በጣም ይለያል። መሬቱና ሕንፃው የግል በመሆኑ ካውንቲው በቀጥታ ሊያዝበት የሚችለው መንገዱና የግንባታ ደንቡ ብቻ ነው፤ የቀረውን ባለንብረቱን በማባበልና በማግባባት ነው የሚያስፈጽመው። ነገሩ ቀስ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው።

## አስቀድሞ መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ወጪው በስተመጨረሻ በማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። በገበያ ግቢዎች የተለመደው የኪራይ ውል ነጋዴው «ትሪፕል ኔት» የሚለው ሲሆን፣ ተከራዩ ከወር ኪራዩ ሌላ የሕንፃውን የንብረት ግብር፣ የኢንሹራንስና የጋራ ቦታ ጥገና ድርሻውን ይከፍላል። ስለዚህ ጎዳናው አምሮ የመሬቱ ግምት ከፍ ሲል ግብሩ የሚጨምረው በባለሕንፃው ስም ቢሆንም ገንዘቡ የሚወጣው ከተከራዩ ኪስ ነው። አንዲት የካፌ ባለቤት የዓመት መጨረሻ ሒሳቧን አሳይታኝ ነበር። ኪራዩ ከአምናው አንድ ዶላር አልጨመረም፤ ከሥሩ «ግብርና ጥገና» ተብሎ የተጻፈው መስመር ግን የአንድ ወር ኪራይ አክሎ ነበር። ባለሕንፃው አላጭበረበረም፤ እሷ የፈረመችውን ውል ነው ያስከፈላት።

ሁለተኛው መመዘኛ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው፣ ዕድሳቱ ሲያልቅ ነባሩ ነጋዴ እዚያው ለመቆየት ምን ዋስትና አለው የሚለው ነው። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ሦስት ዓመት የቀረው ሊዝ (የሱቅ ኪራይ ውል) የያዘ ሰው የአሥራ አምስት ዓመት ዕቅድ ሲደግፍ ሌላ ሰው ለሚነግድበት ጎዳና እየደከመ ሊሆን ይችላል። አራተኛው መንገዱ የማን ነው የሚለው ነው፤ ብዙዎቹ ትልልቅ የንግድ ጎዳናዎች የክፍለ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆኑ የአካባቢው ምክር ቤት አንድ የእግረኛ ማቋረጫ ለመቀባት እንኳ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አምስተኛው ሰፈሩ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ ምን ሥልጣን ይቀርለታል የሚለው ነው። «በነዋሪው የተመራ» ተብሎ ተጀምሮ ነዋሪው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የማይጠየቅበት ዕቅድ ብዙ ነው።

## የሕንፃ ቅርጽ ደንብ

ተራው የዞኒንግ (የቦታ አጠቃቀም) ሕግ በዋናነት የሚጠይቀው በሕንፃው ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ ነው። የቅርጽ ደንብ ግን ሕንፃው ጎዳናውን እንዴት ይገናኘዋል ብሎ ይጠይቃል፤ ከእግረኛው መንገድ ምን ያህል ይርቃል፣ ስንት ፎቅ ይሆናል፣ በሩና መስኮቱ ወዴት ያያል፣ ፓርኪንጉ ከኋላ ነው ወይስ ከፊት። ደንቡን የተቀበለ አልሚ በምላሹ ፈጣን ውሳኔ ያገኛል።

ለዚህ አማራጭ ከኮሎምቢያ ፓይክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጎዳናው በቨርጂኒያ አርሊንግተን ካውንቲ ከፔንታጎን አካባቢ ተነሥቶ 3.5 ማይል ያህል ተጉዞ በቤይሊስ ክሮስሮድስ በኩል ወደ ፌርፋክስ ካውንቲ ይገባል። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸውና ከሚነግዱባቸው የዋሽንግተን ዙሪያ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ ሰፈሩ በሚታወቅበት 22204 የፖስታ ቁጥር የተነሣ «ዓለም በአንድ ዚፕ ኮድ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ሜትሮ ባቡር በ1979 ከሮዝሊን እስከ ባልስተን ሲዘረጋ ገንዘቡም ግንባታውም ወደዚያ አጋደለ፤ ፓይኩ ከነአሮጌ የገበያ ግቢዎቹ ቀረ። ነዋሪዎችና ነጋዴዎች በ1986 ጎዳናውን መልሶ የሚያነቃቃ ድርጅት መሠረቱ፤ ካውንቲው በ1998 ዕቅዱን ከእነርሱ ጋር ጀመረ፤ በ2002 ዕቅዱ ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ነዋሪው ከንድፍ ባለሙያዎች ጋር ለቀናት ተቀምጦ የተወያየበት ሐሳብ በ2003 የቅርጽ ደንብ ሆኖ ወጣ።

ደንቡ አሮጌውን ዞኒንግ አልሻረም፤ ጎን ለጎን የቆመ ምርጫ ነው። ባለንብረቱ ሲፈልግ በአሮጌው ይቀጥላል፤ በአዲሱ ከገባ ግን አነስተኛ ግንባታ በ30 ቀን፣ ትልቁ በ55 ቀን ገደማ ውሳኔ እንዲያገኝ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። በዋናው ጎዳና ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ፎቅ ተፈቅዷል፤ ምድር ቤቱ ለንግድ እንዲውል ተፈልጓል። ለአልሚ ጊዜ ገንዘብ ስለሆነ ማባበያው ሠርቷል፤ ለዓመታት ምንም ያልተሠራበት ጎዳና ላይ ባለብዙ ፎቅ አፓርታማዎች ተነሥተዋል። በሦስተኛው መመዘኛ ሲታይ ግን ከ1986 እስከ 2003 አሥራ ሰባት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ያም እስከ ደንቡ መውጣት ድረስ ብቻ ነው።

ለነባሩ ነጋዴ ችግሩ የሚጀምረው ምድር ቤቱ ላይ ነው። አዲሱ ሱቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወለሉና ግድግዳው ሳያልቅ ነው፤ ቧንቧውን፣ መብራቱን፣ ማሞቂያውን ተከራዩ ራሱ ይሠራዋል። ከዚያም የጭስ መውጫው አለ። በባለ አንድ ፎቅ የገበያ ግቢ የማብሰያ ጭስ ማውጫ ጣሪያውን በስቶ ይወጣል፤ በባለ ስድስት ፎቅ አፓርታማ ግን ቱቦው በስድስቱም ፎቅ ውስጥ ማለፍ ስላለበት፣ ሕንፃው ሲነደፍ ቦታ ካልተተወለት በኋላ ማስገባት እጅግ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይቻልም። እንጀራ በብዛት ለሚጋግር ቤት ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይሉና የእንፋሎቱ መውጫ ይጨመርበታል። የእግረኛውን መንገድ ስፋት በጫማ ለክቶ የሚያስቀምጥ ደንብ ስለ ጭስ ቱቦ ዝም ካለ፣ ምድር ቤቱን ለባንክና ለጥርስ ሐኪም አዘጋጅቶታል ማለት ነው። በስብሰባው ላይ ይህን አንድ ጥያቄ ማንሣት ብቻውን ከብዙ ተለጣፊ ይበልጣል።

ኮሎምቢያ ፓይክ በመኖሪያ ቤት በኩል ይህን ክፍተት አይቶ ለመድፈን ሞክሯል። በ2012 የወጣው የሰፈሮች ዕቅድ በጎዳናው ዙሪያ የነበሩትን 6,200 ያህል በአቅም የሚከራዩ ቤቶች እንዳይጠፉ ማድረግን ግብ አደረገ፤ በ2013 የተከተለው ደንብም በአዲሱ አሠራር የሚገነባ ሰው ከሚጨምራቸው ቤቶች ከ20 እስከ 35 በመቶውን በዝቅተኛ ኪራይ እንዲያቀርብ ጠየቀ። በ2021 መጨረሻ በጎዳናው ላይ ያለው ባርክሮፍት የተባለው የ1,334 ቤቶች መንደር ሲሸጥ፣ ካውንቲው 150 ሚሊዮን፣ አማዞን 160 ሚሊዮን ዶላር አበድረው ቤቶቹ ለ99 ዓመት በአቅም የሚከራዩ እንዲሆኑ ተደርጓል። ይህ በደንበኛው በኩል ለነጋዴው ትልቅ ነገር ነው፤ ሽሮ የሚበላው ሰው ከሰፈሩ አልሄደም። ሱቆቹን ግን ይህን በሚያህል ዋስትና የጠበቃቸው ደንብ የለም። የቅርጽ ደንብን የምደግፈው ነባር ሱቆችን የሚመለከት አንቀጽ ከመጀመሪያው ሲገባበት ነው።

## መንገዱን ራሱን መቀየር

ይህ አማራጭ ሕንፃውን ሳይነካ አስፋልቱን ይነካል፤ የመኪናው መስመር ይቀነሳል፣ የእግረኛው መንገድ ይሰፋል፣ ዛፍ ይተከላል፣ ማቋረጫ ይጨመራል። ፈጣኑ ምሳሌ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን በበረሃ ዳር ያለችው ላንካስተር ናት። ከተማዋ በ2010 የዋና ጎዳናዋን ዘጠኝ ብሎኮች በስምንት ወር ያህል ሥራና በ11.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ ቀየረች፤ መሀሉን በዛፍ የተሸፈነ፣ በአዘቦት ቀን መኪና የሚቆምበት፣ በበዓልና በገበያ ቀን ደግሞ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አደባባይ አደረገችው። ፓርኪንጉ አልጠፋም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፓርኪንግ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኮሎምቢያ ፓይክ በዚህ በኩል የዘገየበትን ምክንያት አራተኛው መመዘኛ ያስረዳል። መንገዱ የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ስለነበር ካውንቲው በእጁ ያስገባው በ2010 ነው። ከዚያም በኋላ የኤሌክትሪክና የስልክ መስመሮቹን መሬት ውስጥ መቅበር፣ የውኃ ቧንቧውን መለወጥና የእግረኛውን መንገድ ማስፋት በየክፍሉ ተከፋፍሎ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። በደጃፉ ላይ ብርቱካናማ በርሜል የተደረደረበት ነጋዴ ይህን ቁጥር በሌላ ዓይን ያየዋል። በ2013 የተተከለው የሙከራ አውቶቡስ ማቆሚያም መነሣት አለበት፤ በፓይኩና በዋልተር ሪድ ድራይቭ መገናኛ ላይ የቆመው ይህ አንድ ማቆሚያ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ተሳፋሪውን ከዝናብና ከነፋስ በደንብ አላስጠለለም ተብሎ መሳቂያ ሆነ። ቀልዱ ቢቀርም ትምህርቱ አለ፤ ባለሙያ የሚያደንቀው ነገር ሁሉ በየቀኑ የሚቆምበትን ሰው ያገለግላል ማለት አይደለም፤ ንድፉ ሲቀርብ የአውቶቡስ ተሳፋሪው በስብሰባው ላይ መገኘት ነበረበት።

ይህን አማራጭ የሚደግፍ ሰው በግንባታው ወቅት የደጅ መግቢያ እንደማይዘጋና ለጠፋ ገቢ የሚካስበት ገንዘብ እንደተመደበ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል።

## የንግድ ማሻሻያ ቀጠና

በዚህ አሠራር በጎዳናው ላይ ያሉት የንግድ ንብረቶች ተጨማሪ ግብር ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ ወደ ከተማው ካዝና ሳይቀላቀል ለዚያው ጎዳና ጽዳት፣ መብራት፣ ማስታወቂያና በዓል ይውላል። በኮሎራዶ ኦሮራ ያለው የሀቫና ጎዳና በ2007 በዚህ መንገድ ተደራጀ። 4.3 ማይል የሚረዝመው ይህ ጎዳና በአሮጌ የመኪና መሸጫዎችና የገበያ ግቢዎች የታወቀ ሲሆን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ፣ የኮሪያና የሌሎች ብዙ አገሮች ምግብ ቤቶች ተጎራብተው ይነግዱበታል። ቀጠናው ይህንኑ ልዩነት ሸቀጡ አድርጎታል።

ጥቅሙ ገንዘቡ በየዓመቱ መምጣቱ ነው፤ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ማኅበር ሊቀመንበሩ ሲደክመው ይበተናል፣ ቀጠናው ግን ደመወዝተኛ ሠራተኛ አለው። ጉዳቱ ድምፁ ነው። በኮሎራዶ ሕግ ቀጠና ለማቋቋም በንብረት ግምትም በስፋትም ቢያንስ ግማሹን የያዙ ባለንብረቶች መፈረም አለባቸው፤ ተከራይ ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። የትሪፕል ኔት ውል ያለው ተከራይ ግብሩን ይከፍላል፣ ፊርማው ግን አይጠየቅም። ስለዚህ ቀጠናው ሲቋቋም በቦርዱ ላይ ለተከራይ ነጋዴዎች መቀመጫ እንዲያዝ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ ከተቋቋመ በኋላ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሰሚ አያገኝም።

## ባቡር

ባቡር ከሁሉም ትልቁና ውዱ አማራጭ ነው፤ ሰፈሩ በራሱ ሊወስነው የሚችለው ከሁሉም ያነሰበትም እርሱ ነው። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ እስከ ፌርፋክስ የሚደርስ 4.9 ማይል የጎዳና ባቡር ለዓመታት ተጠንቶ፣ አንዱ ወገን «ያለ ባቡር ዕቅዱ ባዶ ነው»፣ ሌላው «አውቶቡስ ይበቃል» እያለ ሲከራከር ቆየ። በ2014 ባቡሩን የሚቃወም ዕጩ የካውንቲውን ምርጫ ካሸነፈ በኋላ፣ በኅዳር ወር የካውንቲው ቦርድ ፕሮጀክቱን ሰረዘው። በባቡሩ ተስፋ መሬት የገዛም ሱቅ የከፈተም ነበር። በአንድ ምርጫ ሊሰረዝ በሚችል ነገር ላይ የራስን ሊዝ መመሥረት አይመከርም።

ባቡሩ ሲሠራም ሁለት የተለያዩ ታሪኮች አሉ። በሚኒሶታ ሴንት ፖል ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የተዘረጋው ግሪን ላይን በ2014 ሰኔ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ንድፍ ባቡሩ ድሆችና ስደተኞች በሚበዙበት የጎዳናው ክፍል ሦስት መገናኛዎችን ሳይቆም ያልፍ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ተባብረው ባካሄዱት ዘመቻ በ2010 ሐምሊን፣ ቪክቶሪያና ዌስተርን የተባሉት ጣቢያዎች ተጨመሩ። ለአነስተኛ ነጋዴዎችም በግንባታው ወቅት እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ፣ በቦታው ለቆየ ሰው የሚሰረዝ ብድር ተዘጋጀ። ከጎዳናው ዳር የነበረው ፓርኪንግ ግን በአብዛኛው ጠፍቷል። በሲያትል ሬኒየር ቫሊ፣ ብዙ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና፣ ባቡሩ በ2009 ሲከፈት ለአካባቢው ነጋዴዎች ማቋቋሚያ 50 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ፈንድ ተመድቦ ነበር። ባቡር የሚመጣበት ሰፈር ከጣቢያው ሥዕል በፊት መጠየቅ ያለበት ይህን ፈንድ ነው።

## ንብረቱን በጋራ መያዝ

የቀደሙት አማራጮች ሁሉ አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ጎዳናው ሲያምር ዋጋው ከፍ የሚለው ንብረት የሌላ ሰው ነው። አምስተኛው አማራጭ ይህን ራሱን ለመቀየር የሚሞክር በመሆኑ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ፤ ለእኛ ማኅበረሰብ የሚቀርበውም እርሱ ይመስለኛል።

በኦሬገን ፖርትላንድ ምሥራቃዊ ዳር፣ በ122ኛው ጎዳና ላይ፣ ፕላዛ 122 የተባለ ተራ የገበያ ግቢ አለ። መርሲ ኮር የተባለው የዕርዳታ ድርጅት ግቢውን በ2014 ገዝቶ፣ ከ2017 ጀምሮ በዙሪያው ባሉ አራት የፖስታ ቁጥሮች የሚኖሩ ሰዎች በወር ከ10 እስከ 100 ዶላር እያዋጡ ድርሻ እንዲገዙ አደረገ። ገዢው በቅድሚያ የገንዘብ ትምህርት ይወስዳል፤ ገንዘቡ እንዳይጠፋ የባንክ ዋስትና ተቀምጦለታል፤ ከትርፉ ድርሻ ያገኛል። ከባለድርሻዎቹ ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን ለመረዳት ሁለተኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ ዕቁቡ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ይህ ግን ሕንፃ ሆኖ መቆየቱ ነው። ሌላም ልዩነት አለ፤ ዕቁብ በዳኛውና በመተማመን ይተዳደራል፣ ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ የሕንፃ ድርሻ መሸጥ ግን በአሜሪካ የፋይናንስ ሕግ የሚገዛ ስለሆነ ያለ ጠበቃ መጀመር አደገኛ ነው።

ገንዘብ ላለው ነጋዴ ደግሞ የሱቁን ክፍል ብቻ በኮንዶሚኒየም መልክ መግዛት አለ። የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር 504 የተባለው ብድር ለነባር ንግድ በተለምዶ 10 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል፤ ገዢው ከሕንፃው ቢያንስ 51 በመቶውን ራሱ ሊጠቀምበት ይገባል። የባለቤቶቹ ዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድም ስለሚታይና ደንቡ ስለሚለዋወጥ፣ ቀብድ ከመክፈል በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

የዚህ አማራጭ ድክመት መጠኑ ነው። አንድ ግቢ ይገዛል እንጂ ጎዳናውን አይቀይርም፤ ማቋረጫ አይቀባም፣ ዛፍ አይተክልም። ጣሪያው ሲያፈስም የሚጠራው ባለሕንፃ የለም።

ስም ማውጣትንም እንደ አማራጭ የሚያቀርቡ አሉ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟል፤ ጎብኚ ያመጣል፣ ያኮራል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ኪራይ አይቀንስም። ከሌላ አማራጭ ጋር ከሆነ ጥሩ ነው።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ወጪው የሚያርፈው | የሚወስደው ጊዜ | ለነባር ተከራይ ያለው ዋስትና | የሰፈሩ ሥልጣን |
|---|---|---|---|---|
| የሕንፃ ቅርጽ ደንብ | በአልሚው፣ በግብር በኩል በተከራዩ | ለደንቡ ከ5 ዓመት በላይ፣ ለግንባታው ከዚያ የበለጠ | ካልተጻፈ የለም | ደንቡ ሲወጣ ከፍተኛ፣ በኋላ አነስተኛ |
| መንገዱን መቀየር | በካውንቲው ወይም በክፍለ ግዛቱ፣ በግንባታ ጊዜ በነጋዴው | ከ8 ወር እስከ ከ10 ዓመት በላይ | የለም | መካከለኛ፤ መንገዱ የካውንቲው ከሆነ |
| የንግድ ማሻሻያ ቀጠና | በባለንብረቱ ስም፣ በተከራዩ ኪስ | ከ1 እስከ 2 ዓመት | አነስተኛ | ለባለንብረት ከፍተኛ፣ ለተከራይ በቦርዱ መቀመጫ ልክ |
| ባቡር | በሕዝብ ግብር፣ በግንባታ ጊዜ በነጋዴው | ከ10 ዓመት በላይ፣ ሊሰረዝም ይችላል | ፈንድ ከተመደበ ብቻ | በጣቢያና በፈንድ ላይ ብቻ |
| በጋራ መያዝ | በአባላቱና በአበዳሪው | ከ2 እስከ 4 ዓመት | ከሁሉም ከፍተኛ | ከሁሉም ከፍተኛ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ |

በሰንጠረዡ ውስጥ ለቀጠናውና ለጋራ ይዞታው የሰጠሁት ጊዜ የራሴ ግምት ነው፤ የቀሩት ከላይ ከታዩት ምሳሌዎች የተወሰዱ ናቸው።

## ለማን የትኛው ይሻላል?

ሊዙ ከሦስት ዓመት በታች የቀረው ተከራይ፣ ምንም ዓይነት ዕቅድ ከመደገፉ በፊት ሊዙን ማደስ ይኖርበታል። ባለሕንፃው ዕቅዱ መጽደቁን ካወቀ በኋላ የሚሰጠው ዋጋ ከዛሬው ጋር አንድ አይሆንም። ረጅም ሊዝ ያለውና ኪራዩ በውል የተወሰነለት ነጋዴ ግን ከመንገድ ዕድሳት ብዙ ሊጠቀም ስለሚችል ላንካስተርን የመሰለ አጭርና በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ይጠይቅ፤ በየክፍሉ ለአሥር ዓመት የሚቆፈር ከሆነ ግን መቃወም መብቱ ነው።

የሕንፃው ባለቤት የሆነ ኢትዮጵያዊ ሌላ ስሌት አለው። የቅርጽ ደንብም ቀጠናም ንብረቱን ያሳድጉለታል፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ ከተባለ፣ ቦታው ትልቅና ለግንባታ የሚመች ከሆነ ደንቡን፣ ትንሽ ከሆነ ቀጠናውን እመክራለሁ።

ገንዘብ የሌለው ነገር ግን ሰው የሞላው ሰፈር፣ ለምሳሌ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በዕድር የተደራጀ ማኅበረሰብ፣ ጉልበቱ ያለው በቁጥሩ ነው። የሴንት ፖል ሦስት ጣቢያዎች የመጡት እንዲህ ባለ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ የትኛውም ዕቅድ ቢመረጥ ሁለት ነገር ብቻ ይዞ ይቁም፤ በግንባታ ጊዜ የሚሰጥ ድጋፍና ለነባር ሱቆች የሚያዝ ቦታ። አሥራ ሁለት ጥያቄ ይዞ የሚገባ ኮሚቴ ዘንባባና አግዳሚ ወንበር ይዞ ይወጣል። በተጨማሪም ስብሰባው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ምግብ ቤቶች በሚቀዘቅዙበት ሰዓት፣ በአስተርጓሚ እንዲደረግ መጠየቅ ይቻላል፤ ካውንቲዎች ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ፣ ሳይጠየቁ ግን አያስቡትም።

በወር ሃምሳና መቶ ዶላር ሊያዋጡ የሚችሉ ሠላሳ አርባ ቤተሰቦች ካሉ፣ የጋራ ይዞታን ዛሬውኑ ማጥናት ይገባል። ያ ገንዘብ ብቻውን ግቢ አይገዛም፤ አበዳሪና አደራጅ ድርጅት ይፈልጋል። ለአበዳሪው ግን አርባ ሰው ለሁለት ዓመት ሳያቋርጥ ያዋጣበት መዝገብ ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል። ጊዜው የሚመረጠውም ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ነው፤ በኋላማ ግቢው በአዲሱ ስድስት ፎቅ ሒሳብ ይሸጣል።

ወደ መጀመሪያው ስብሰባ ሲኬድ ሊዙን ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ከሊዙ ውስጥ ሦስት አንቀጾች ቀድመው ይነበቡ፤ ጊዜው ሲያልቅ የማደስ መብት አለ ወይ፣ ባለሕንፃው ሊያፈርስ ቢፈልግ በስንት ወር ማስጠንቀቂያ ማስወጣት ይችላል፣ የግብርና የጥገና ድርሻው በዓመት ከስንት በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተገድቧል ወይ። ካፌ ያላት ያቺ ሴት ሁለተኛውን አንቀጽ ያገኘችው ገጽ 31 ላይ ነበር፤ ዘጠና ቀን ይላል።